ያለ ሽማግሌ የማትነሳው ዶቅዶቄዬ

በእኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ ላኪው እቤቱ ቁጭ ይላል። ጥፍሩን ቢበላ፣ ግድግዳ ቢቧጥጥ፣ ከድመቱ ጋር ቢጣላ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ብቻ ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሮ አይሄድም። ሄዶ በልጅቱ አባት ደጅ የታየ እንደሆነ «ዓይን አውጣ» ይባልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ይህን ደንብ ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። እንዲያውም ደንቡን ለመጠበቅ የኔን ያህል የተጨነቀ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ የኔን ያህል ያፈረሰውም የለም።

ጥፋቱ የዶቅዶቄዋ ነው። እዚህ ስለሌለች ልትከራከረኝ አትችልም።

ዶቅዶቄዋ ጣሊያን ሲወጣ ጥሏት የሄደ ሞተር ብስክሌት ናት። ከኔ በፊት በስንት ሰው እጅ እንዳለፈች እግዜር ይወቅ። እኔ ዘንድ ስትደርስ መብራቷ ጠፍቷል፣ የመቀመጫዋ ቆዳ ተልጦ ሽቦው ወጥቷል፤ ድምፅዋ ግን ሙሉ ነበር። ፒያሳ ላይ ሳስነሳት ቅዳሜ ገበያ ያሉ አህዮች ጆሯቸውን ያቆማሉ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ስትበላሽ ራሴ ፈትቼ ራሴ ስለምገጥም ሞተርም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ብረት ያው ብረት፣ ዘይት ያው ዘይት፣ ምን ልዩነት አለው? ልዩነቱን ኋላ ተማርኩት። የስፌት መኪና ስትበላሽ ሰው እቤቱ ነው።

ልጅቱ ስንዱ ትባላለች። አባቷ ባላምባራስ አዳነ ኮላ ድባ አጠገብ የሚኖሩ፣ የተከበሩ፣ ቀልድ የማያውቁ የሚባሉ ባላገር ናቸው። ስንዱን ያየኋት ከእናቷ ጋር ቀሚስ ልታሰፋ ሱቄ መጥታ ነው። ልኳን ስወስድ ከሜትሩ ይልቅ እሷን እያየሁ አንዱን እጅጌ ረጅም፣ ሌላውን አጭር አድርጌ ሰፋሁት። ለመውሰድ በመጣች ጊዜ ለብሳ አየችው። እናቷ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ እሷ ረጅሙን እጅጌ ቀስ አድርጋ አጠፈችና «ሸጋ ነው» ብላ ሄደች። እንግዲህ እንዲህ ያለች ልጅ ከሄደች በኋላ ሰው እንዴት ቁጭ ብሎ ቁልፍ ይተክላል? አልቻልኩም።

የፈለጋት ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም። ከማክሰኝት የአንድ እህል ነጋዴ ልጅም ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። ባላምባራስ ለሁለታችንም ወገን በአንድ እሁድ ቀጠሮ ሰጡ፤ የኔዎቹን ከምሳ በፊት፣ የማክሰኝቶቹን ከምሳ በኋላ። ከምሳ በፊት ያልደረሰ ሰው ከምሳ በኋላ ምን እንደሚደርሰው ነጋሪ አያስፈልገውም።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ የፒያሳ ጎረቤቶቼ ቅዳሜ በበቅሎ ቀድመው ወረዱ። ሦስተኛው፣ ዋናው፣ የሟቹ አባቴ ባልንጀራ አያ ተገኘ ናቸው። አያ ተገኘ አዘዞ ተቀምጠው የድንበር ጠብ የሚያበርዱ፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ፣ ነገር የሚያውቁ ሰው ናቸው። ችግሩ የእሁድ ቅዳሴ ቀርተው አያውቁም። ከቅዳሴ መልስ በበቅሎ ቢነሱ ደግሞ ምሳ ያልፋል።

«አያ፣ እኔ በዶቅዶቄ አደርስዎታለሁ» አልኳቸው። «ከመንደሩ ወዲህ አወርድዎታለሁ፤ ከዚያ እደበቃለሁ።»

በዶቅዶቄ ሄዶ መደበቅ! ከበሮ እየመቱ ድኩላ እንደማደን ነው። ግን የቸገረው ሰው እንዲህ ያለው ነገር አይታየውም።

እሁድ ጠዋት አዘዞ ደርሼ ዶቅዶቄዋን በአያ ተገኘ ደጅ፣ ከበቅሏቸው አጠገብ አቆምኳት። ጥፋት አንድ በሉ። በቅሎዋ አንገቷን አስጎንብሳ አሸተተቻት። ከዚያ፣ ያሳከካት ይመስለኛል፣ ጎኗን አስጠግታ መፈተግ ጀመረች። ዶቅዶቄዋ ዘንበል፣ ዘንበል፣ ከዚያ ዘጭ። በቅሎዋ በድምፁ ደንብራ ገመዷን በጥሳ ወደ ወንዙ ጠፋች። በአንድ ጊዜ ሁለት መጓጓዣ ያጣ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

አያ ተገኘ በዚህ መሐል ነጫቸውን ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ደረሱ። ቆመው አዩን። እኔ ቆሜያለሁ፣ እሷ ተኝታለች። ከቤንዚን መክደኛዋ አናት ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር አለች፤ በዚያች በኩል ቤንዚኑ ጠብ ጠብ ይላል።

«ደሟ እየፈሰሰ ነው እኮ» አሉ። «ምነው ቆመህ ታያታለህ?»

«በቅሎዎ ናት የጣለቻት አያ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «የከብት ጥፋት የባለቤቱ ነው» አሉና ከኪሳቸው የተረፈች ጧፍ አወጡ። ሰሙን በአውራ ጣታቸው አሽተው አለሰለሱና ያቺን ቀዳዳ ጥርቅም አድርገው ደፈኗት። «ከእንግዲህ ጠብታ አትወጣትም።»

እውነትም አልወጣትም። እኔ፣ የስፌት መኪና አዋቂው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ይህቺን ጧፍ አደራ ልብ በሉልኝ።

ዶቅዶቄዋን አነሳናት። መርገጫዋን ብረግጥ ወይ ፍንክች። ካንዴላዋን፣ እሳት የሚጭርላትን ዕቃ፣ ፈትቼ ባየው በቤንዚን ርሷል። ከኪሴ በማይጠፋው ቁራጭ ጨርቅ አደረቅኩት፣ መለስኩት፣ ላብ በላብ እስክሆን ረገጥኩ፤ በመጨረሻ አጉረመረመችና ተነሳች። አያ ተገኘ ጭራቸውን በአንድ እጅ፣ የተዘረጋ ጃንጥላቸውን በሌላው እጅ ይዘው ከኋላዬ ተፈናጠጡ። እኔን የሚይዙበት እጅ አልተረፋቸውም። አዘዞን በዚህ ሁኔታ አቋርጠን ስንወጣ ያየን ሰው እስከ ዛሬ ያወራል።

ከአዘዞ ወጣ እንዳልን ዶቅዶቄዋ አንዴ አነጠሰች፣ ሁለቴ አነጠሰችና ዝም አለች።

«ምነው ቆምክ?» አሉ አያ።

«እኔ አልቆምኩም፣ እሷ ናት የቆመችው።»

«ምን ብለሃት ነው?»

ካንዴላውን ፈትቼ ጠረግኩ፣ እፍ አልኩበት፣ መለስኩት፣ ረገጥኩ። ምንም። አያ ተገኘ ዙሪያዋን ዞሩና «እንደው ርቧት እንዳይሆን ሆዷን ልየው» ብለው የቤንዚኑን ክዳን ከፈቱ። ክዳኑ ሲላቀቅ «እፎይ» የሚል የሚመስል ረጅም ድምፅ ተሰማ። አያ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ሰማህ? ተነፈሰች። ይህቺ ብሶት ያለባት ናት። ከወደቀች ወዲህ አይዞሽ ያላት ሰው አለ?»

የለም አልኩ። እውነቴን ነው፣ ትዝም አላለኝ። ይኸኔ አያ ተገኘ ጎንበስ ብለው አፋቸውን ወደ ክዳኑ አስጠጉና «በይ ልጄ፣ የጣለችሽ በቅሎ ናት፤ እሱ ምን ያድርግ። ለኔ ስትይ ተይው» አሏት። ከዚያ ክዳኑን ገጥመው «አሁን ርገጥ» አሉኝ። ብረግጥ በአንዴ ተነሳች።

እኔ በሆዴ ካንዴላውን ስለጠረግኩት ነው አልኩ። እሳቸው በሆዳቸው ስላስታረቅናት ነው አሉ። ሁለታችንም በየሆዳችን እየኮራን ትንሽ ሄድን። ትንሽ ነው ያልኩት፤ ሜዳውን ሳንጋመስ ደግማ ቆመች።

በዚህኛው ካንዴላ አልነካሁም። ይኸ የካርቡራቶር ነገር ነው አልኩና ጋቢዬን ዘርግቼ ካርቡራቶሩን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ በካቻቢቴ ፈታሁት። አንዱን ብሎን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ሳስቀምጥ አያ ተገኘ እንደ ቁርበት ነጋዴ ከላዬ ቆመው ያዩኛል። አጽድቼ ስመልሰው አንድ ብሎን ተረፈኝ። የስፌት መኪናም ላይ ሁልጊዜ አንድ ይተርፈኛል፤ ስለዚህ አልደነገጥኩም፣ ኪሴ ጨመርኩት። ረገጥኩ። ዝም።

«ልጄ፣ በብረት አትድከም» አሉ አያ፤ ክዳኑን ከፈቱ። እሷም «እፎይ» አለች። «ሽማግሌ መሆኔን ካወቀች አይቀር ለባላምባራስ የምናገረውን ልሞክርባት» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። «ባላምባራስ፣ ልጅ አለን። እርስዎም ልጅ አለዎት። እንግዲህ...» ነገሩ እዚያ ላይ አለቀባቸው። አያ ተገኘ፣ ስንት ድንበርተኛ ያስታረቁ ሰው፣ እንዲህ ደረቀባቸው። ኋላ እንደነገሩኝ ሲያስታርቁ ሁለቱም ወገን ስለሚጮህ መሐል ገብቶ መናገር ይቀላቸዋል፤ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ፊት ግን አፋቸው ይያዛል። የሆነው ሆኖ ዶቅዶቄዋ ተነሳች።

ሦስተኛ ጊዜ የቆመችው ከአንድ መንደር አጠገብ ነው። እሁድ በመሆኑ የሚያርስ የለም፤ አገሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ፀሐይ ይሞቃል። ምን ያህል ሰው እንደከበበን ልነግራችሁ አልችልም። ሁሉም ሐኪም ነው። አንዱ «ምች መቷት ነው፣ ዳማ ከሴ አሽታችሁ አስነጥሷት» ይላል። አንዷ ሴትዮ «ዓይን በልቷት ነው፣ እንዲህ ስታብረቀርቅ ማን ያልፋታል» ይላሉ። የምታብረቀርቀው እኔ ሌሊቱን ሙሉ በስፌት መኪና ዘይት ስወለውላት ስላደርኩ ነው።

«እባካችሁ ግፉልኝ» አልኩ።

ሁሉም ወደ አንድ ቄስ ዞረው አዩ። ቄሱ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «በሰንበት መግፋት ሥራ ነው። ወድቃ ቢሆን፣ ጉድጓድ የገባ በግ በሰንበት ይወጣል ተብሏል፣ እናነሳት ነበር። ይህቺ ግን ቆማለች። የቆመ ነገር ራሱ ይሂድ።»

ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ ዶቅዶቄዋን ቀስ አድርጌ፣ እንደ አራስ፣ መሬት ላይ በጎኗ አስተኛኋት።

«አሁንስ ወድቃለች?»

ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ወድቃለች» አሉ። ሕዝቡ ሆ ብሎ አነሳት፤ አንዴ ካነሷት ደግሞ እጃቸው ላይ ነበረችና ሳያስቡት ገፏት። አያ ተገኘ «አያችሁ፣ ተኝታ አንዲት ጠብታ አልወጣትም፤ እኔ ነኝ የደፈንኳት» እያሉ ከኋላ ይከተላሉ። ገፍተን ገፍተን ባትነሳ ጊዜ ግን ሁሉም ደክሞት ቆመ።

አያ ተገኘ ወደፊት መጡ። ክዳኑን ከፈቱ፣ ጃንጥላቸውን ተደገፉና ተናገሩ። በዚህኛው ነገሩ አላለቀባቸውም። ስለ አባቴ ተናገሩ፤ አባቴ እንዴት ያለ ሰው እንደነበረ፣ እኔ ያለ አባት እንዴት በመርፌ እንዳደግኩ። እኔ እንኳ የማላውቀውን አወሩ። ዳማ ከሴ ያለው ሰውዬ አንገቱን ደፋ፤ ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ረገጥኩ፤ ተነሳች። ሕዝቡ እልል አለ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንደር አያ ተገኘ ብረት የሚያስታርቁ ሽማግሌ ተብለው ቀሩ።

ኮላ ድባ ስንቃረብ አንድ ጊዜ ደግሞ ቆማ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ተለምናለች። ምሳ ሳያልፍ ግን ደረስን። አያን አውርጄ ከአንድ ዋርካ ኋላ ተደበቅኩ። በደንብ ነበር የተደበቅኩት፤ ሰው እየመጣ «እንዴት ዋልክ» ብሎኝ ከመሄዱ በስተቀር። አንዲት ሴትዮ አንድ ዋንጫ ጠላ ይዛ መጣች።

«ማን ላከሽ?»

«ልጅቱ ናት። ‹ላላየሁት ሰው ይህን ስጭልኝ› ብላ።»

ጠላውን ጠጣሁ። እንደዚያ ያለ ጠላ ቀምሼ አላውቅም። ልቤ ስለሞላ ለዶቅዶቄዋም አዘንኩና ላጽዳት ብዬ ክዳኗን አነሳሁ። ያቺ የጧፍ ሰም እንዳለች ናት። ሁልጊዜ ከኮቴ ክሳድ ላይ በማይለየው መርፌ ወጋሁት። ወዲያው ነገሩ ሁሉ ፍንትው አለልኝ። ቀዳዳዋ የተበሳችው በምክንያት ነው፤ ቤንዚኑ ወደ ታች ሲወርድ በሱ ፋንታ አየር የሚገባው በሷ በኩል ነው። የጠላ ገንቦ እንኳ ቢዘቀዝቁት አየር ካልገባለት እየታነቀ ነው የሚቀዳው። ስትደፈን ቤንዚኑ አልወርድም ይላል፣ ሞተሯ ትቆማለች። ክዳኑ ሲከፈት አየሩ «እፎይ» ብሎ ይገባል፣ ትነሳለች። ለካ ካንዴላውም ካርቡራቶሩም ልመናውም አይደለም፤ ክዳኑን ለመናገር መክፈታቸው ነው።

አያ ተገኘ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። ባላምባራስ «እንመካከርበት፣ ተመለሱ» ብለዋል፤ በመጀመሪያው ቀን ከዚህ በላይ መልስ የለም። «ነገሩ እንደ ውሃ ወረደልኝ» አሉኝ። «ብረት ያለሰለስኩ ሰው የሰው ፊት ያስፈራኛል? አይ።»

የጧፏን ነገር ነገርኳቸው? አልነገርኳቸውም። በቅሎው የጠፋችበትን ሰው በዚያው ቀን ሙያውንም አይነጥቁትም። ሰሙን ጠርጌ ጨረስኩ፣ ወደ አዘዞ አንዴም ሳንቆም ገባን። በቅሎዋ ቀድማን ደጃፏ ቆማ ነበር።

በቀጠሮው እሁድ ደግመን ሄድን። ዶቅዶቄዋ ጤና ናት። እንደ ነፋስ! ሜዳውን ስንቆርጠው፣ ያን መንደር ስናልፍ፣ ቄሱ እጃቸውን ሲያወጡልን፣ እኔ ብቻዬን እዘፍናለሁ። አያ ተገኘ ግን ከኋላዬ እየከበዱ መጡ።

«ዛሬስ አልቆመችም» አሉ።

«ዳነች አያ።»

«እኔን ምንም ሳትል?» አሉ።

ምሳ ሳይደርስ፣ እንዲያውም ቁርስ ሳይወርድ፣ ደረስን። የሆነውን ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጎረቤቴ፣ ነገረኝ። አያ ተገኘ ተነሱ። «ባላምባራስ፣ ልጅ አለን» አሉ። ጣራውን አዩ። «እርስዎም ልጅ አለዎት» አሉ። ወለሉን አዩ። «እንግዲህ...» ብለው ስለ በቅሏቸው ማውራት ጀመሩ። ስለ በቅሎዋ ብዙ ተናገሩ ይላል፤ የእናቷን ዘር ሁሉ ቆጠሩ። ባላምባራስ አዳምጠው ሲያበቁ «ለሚመጣው እሁድ ኑ። የማክሰኝቶቹም መልስ የሚሰሙት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ቀጠሮ የለም» አሉ።

ስንመለስ አያን እንደመቆጣት አልኩ። «ምን ነካዎት?»

«ልጄ፣ አፌ ሳይፍታታ ደረስኩ» አሉኝ። «እንደ በፊቱ መንገድ ላይ ቆም ቆም ብንል ኖሮ...» የዚያን ቀን ያረጁ መሰሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ቁልፍ ስተክል፣ ጠርዝ ስጠልፍ አሰብኩ። ስንዱን ሊያሰጠኝም ሊያስቀርብኝም የሚችለው የአንድ ሽማግሌ አፍ ነው፤ ያ አፍ ደግሞ የሚፈታው ዶቅዶቄዬ ስትቆም ነው። ቅዳሜ ማታ ጧፍ ፈለግኩ። እሁድ ጠዋት አያ ከቅዳሴ ሳይወጡ፣ ግራና ቀኝ አይቼ፣ ሰሙን በአውራ ጣቴ አሽቼ ያቺን ቀዳዳ ልክ እንዳደረጉት ጥርቅም አድርጌ ደፈንኳት። ሰው ሞተሩ እንዲበላሽለት እንዲህ ሲጸልይ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ከአዘዞ እንደወጣን ቆመች።

«አኮረፈች!» አሉ አያ ተገኘ። ደስታቸውን ብታዩት። ጃንጥላቸውን አጥፈው ዘለው ወረዱ። እኔ ለወጉ ያህል ካንዴላውን ጠረግኩ፣ እሳቸው ክዳኑን ከፈቱ፣ «እፎይ» አለች፣ ተናገሩ። ሜዳው ላይ ቆመች፣ ተናገሩ። መንደሩ አጠገብ ቆመች፤ ቄሱ ከሩቅ «ወድቃለች ወይስ ቆማለች?» እያሉ መጡ። በየቆመችበት አያ ተገኘ አንድ ነገር ይጨምራሉ፣ አንድ ነገር ይቀንሳሉ። እኔ የልብሱን የመጀመሪያ ልኬት፣ ሁለተኛ ልኬት የማይ ያህል ደስ አለኝ። የረሳሁት ነገር ቢኖር ሰዓቱን ነው። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታለች።

«ምሳ ሊያልፍ ነው» አሉ አያ። «ከዋርካው ወዲያ በእግሬ ብሄድ አልደርስም። እስከ አጥሩ ጥግ አድርሰኝና ቶሎ ተመለስ።»

ሰሙን ከዋርካው ዘንድ በመርፌዬ ልነቅለው ነበር ያሰብኩት። ዋርካውን አልፈን ሄድን። አጥሩ ጥግ ደረስን፣ ላቆማት ብል አልቆም አለችና አጥሩንም አለፍን፤ በባላምባራስ በር ፊት ለፊት፣ ልክ ፊት ለፊት፣ አነጠሰችና ቆመች። በግቢው ውስጥ የማክሰኝቶቹ በቅሎዎች ታስረው ይታዩኛል። ልገፋት መሪዋን ስይዝ አያ ቀድመው ወርደዋል።

አያ ተገኘ ደጃፍ መሆናችንን የረሱ ይመስለኛል። ለምደውታል። ክዳኑን ከፈቱና ቆሙ።

«ባላምባራስ፣ የማክሰኝቱ ልጅ በሬ አለው፣ ጎተራ አለው። የኔ ልጅ ያለው ይህቺ ናት። አሮጌ ናት፣ ዓይኗም ጠፍቷል። ስንት ቦታ እንደቆመችበት ምስክሩ እኔ ነኝ። ሲጠግናት አይቼዋለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ አያውቅበትም። የፈታው ሁሉ አንድ ይተርፈዋል። ነገር ግን አንድ ቀን ሲሰድባት አልሰማሁም። ቆመችብኝ ብሎ መንገድ ላይ ጥሏት አልሄደም። በወደቀች ቀን ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ሲያደርቃት ያየሁት እሱን ነው። ባላምባራስ፣ ልጅዎ የሚከፋት ቀን ይመጣል፤ የማይመጣበት ቤት የለም። ያን ቀን ጥሏት የማይሄድ ሰው ነው ይዤልዎት የመጣሁት።»

ዓይኔን እንባ ሞላው። ደግሞም አፈርኩ፤ ዛሬ ያቆምኳት እኔው ነኝና።

ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። በሩ ተከፈተ። ባላምባራስ አዳነ ናቸው፤ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቼ እንደቆሙ አላውቅም። አያ ተገኘን አዩ፣ ክዳኗ የተከፈተውን ዶቅዶቄ አዩ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አዩ።

«አንተስ ማነህ?»

ሽማግሌ ልኮ በልጅቱ አባት ደጅ የተገኘ ሰው ምን ይላል?

«ሹፌሩ ነኝ ጌታዬ» አልኩ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ዓይናቸው አንገቴ ላይ ቆመ። እኔም ዝቅ ብዬ ባይ፣ በጥድፊያ ከሱቅ ስወጣ ሳላወልቀው የቀረው የልብስ መለኪያ ሜትሬ እስከ ወገቤ ተንጠልጥሏል።

«ሹፌሩም ይግባ» አሉ። «ፀሐይ ነው።»

ገባሁና በሩ ሥር ቁጭ አልኩ። የማክሰኝት ሽማግሌዎች በአንድ ወገን፣ የኔዎቹ በሌላው ወገን ቆመዋል። ጎረቤቶቼ እኔን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። አያ ተገኘ ሊናገሩ ሲሉ ባላምባራስ እጃቸውን አነሱ።

«ይቀመጡ። ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሰምቻለሁ።» ወደ ማክሰኝቶቹ ዞሩ። «እናንተ ስለ በሬው ነገራችሁኝ፣ ስለ ጎተራው ነገራችሁኝ፤ አላስቀየማችሁኝም። እኒህ ግን ስለ ልጁ ነገሩኝ፤ ያውም አያውቅበትም ብለው። ልጄን ለልብስ ሰፊው ሰጥቻለሁ።»

እኔ ሹፌር መሆኔን ረሳሁ። ተስፈንጥሬ ሄድኩና ጉልበታቸውን ሳምኩ። ባላምባራስ ወደ ታች አዩኝ፤ ፊታቸው ላይ አንዲት ነገር ሳይንቀሳቀስ «ጎሽ» አሉ። «በጌታው ደስታ እንዲህ የሚደሰት ሹፌር አይቼ አላውቅም። ለሰርጉ ቀን እንዳትረሱት።» ከመጋረጃው ኋላ ሳቋን ለማፈን የምትታገል አንዲት ልጅ ድምፅ ሰማሁ። እጅጌዋን አፏ ውስጥ ከታው እንደነበር ኋላ ነግራኛለች፤ ረጅሙን።

ባላምባራስ ስሜን አንድ ቀን ሳይጠሩ፣ «ሹፌሩ እንዴት ነው?» እያሉ ኖሩ። አያ ተገኘም ብረት አስታራቂ እንደተባሉ ኖሩ፤ እኔም አፌን ይዤ ኖርኩ። በሰርጋችን ቀን ከመረቁን በኋላ ወደ ስንዱ ዘንበል ብለው «ልጄ፣ ቀጥ ብሎ ያኮረፈብሽ እንደሆነ በእርግጫ አትድከሚ። ክዳኑን ከፍተሽ አነጋግሪው» አሏት።

የሽማግሌ ቃል ታከብራለች። ይኸው እስከ ዛሬ ሳኮርፍ ከኋላዬ ትመጣና ባርኔጣዬን ብድግ አድርጋ፣ አፏን ወደ መላጣዬ አስጠግታ «ባላምባራስ፣ ልጅ አለን» ትለኛለች። እኔም እፎይ እላለሁ፤ እነሳለሁ።